የአንድ ሳይክል ሰልፍ

ጋሽ ሙሄ መሞታቸውን የሰማሁት ሰገነት ላይ ወጥቼ የማዳምን ምንጣፍ ሳራግፍ ነው። ወሎ፣ ወረባቦ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ድምፁን ልኮልኝ፣ «ፋጤ፣ እነዚያ ጅዳ የነበሩት ሽማግሌ ትናንት ወደ አኺራ ሄዱ። ቀብረናቸው መጣን። ኢናሊላሂ በይ» አለኝ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ዘንድሮ ዝናቡ እንደ ዘገየ ሊያወራኝ ጀመረ። እኔም ምንጣፉን ደበደብኩት። ማዳም ከታች «ኸላስ፣ በቃ ፋጡማ! ልትበጣጥሺው ነው እንዴ?» ብላ እስክትጮህ ድረስ ደበደብኩት።

እዚህ አገር ሰው ሲሞትብህ ለቅሶ የምትቀመጥበት ቦታ የለም። ዜናውን ትሰማለህ፣ ዓይንህን ትጠርጋለህ፣ ምሳ ታቀርባለህ። ጋሽ ሙሄን አብሮኝ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት ስላልነበረ «እኒያ ሰውዬ እኮ» ብዬ የምጀምርለት እንኳ አጣሁ። ስለዚህ ለእናንተ ልጀምርላችሁ።

ጋሽ ሙሄን በዓይኑ ያየ ሰው በጅዳ ሞልቷል፤ ልብ ብሎ ያያቸው ግን ጥቂት ነው። እኔ በምሠራበት ሰፈር፣ ሩዋይስ ውስጥ፣ በሳይክል እየዞሩ መኪና የሚያጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። በሳይክሉ መሪ ግራና ቀኝ ባልዲ ይንጠለጠላል፤ ከኋላ ሳሙናና ጨርቅ በፌስታል ታስሯል። ውሃው እንዳይፈስባቸው ቀስ ብለው ስለሚነዱ እግረኛ ሁሉ ይቀድማቸዋል።

«ጋሼ፣ ወርደው ቢገፉት አይሻልም?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

«አንቺ፣ በእግሩ የሚሄደውን ነው ኢቃማ የሚጠይቁት። ሳይክል ላይ ያለን ሰው ማን ያየዋል? ባልዲውን አይተው ያልፉታል» ይሉኛል።

ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራቸውም። በጎልማሳነታቸው ለኡምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው።

የተዋወቅነው በእድፍ ውሃ ነው። አዲስ መጤ ሆኜ አንድ ጧት የወለል ውሃ ከግቢው በር ላይ ስደፋ፣ አጥበው ገና ጨርቃቸውን ያነሱለት የጌታዬ መኪና ላይ አረፈ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከጎማው ሥር ቀና አሉ። ስድቡን በዐረብኛ ስጠብቅ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በጥሩ የወሎ አማርኛ «አላህ እጅሽን ይባርከው ልጄ፤ መኪናው አልጠራልኝ ይሆናል» አሉኝ።

ከመጣሁ ጀምሮ በአካል ያናገረኝ ያገር ሰው አልነበረም። ባልዲውን እንደያዝኩ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ጋሽ ሙሄ ዞር ብለው መኪናውን እንደገና ማጠብ ጀመሩ። «አልቅሺ፣ ግድ የለም። እኔ መኪናውን ነው የማየው» አሉኝ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ።

ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በሩ ግን ተቆልፎ ነው የሚውለው። እኔ የምወጣው ጧት ቆሻሻ ልጥል ብቻ ነው። በዚያች መውጫ ከጋሽ ሙሄ ጋር የምንለዋወጣት ወሬ ነበረች የቀኑ አማርኛዬ። ዓርብ ዓርብ እሳቸው ሥራ ስለማይገቡ ሐሙስ ሲደርስ ይከፋኝ ነበር። ሌላው ሰው ዓርብን ይናፍቃል፣ እኔ ቅዳሜን።

የጋሽ ሙሄ ነገር ሁሉ ዱዓ ነው። እኛ ወሎዎች ስንጣላም ስንታረቅም፣ ዝናብ ሲጠፋም ሹም ሲከፋም ዱዓ እንቀመጣለን። አንዱ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ ሌላው አሚን ይላል። ጋሽ ሙሄ ያንን ልማድ ይዘው ነው ባሕር የተሻገሩት፤ የጎደላቸው አሚን ባይ ነበር። እንዳያርብኝ ለማሰሮዬ ይለምናሉ፣ ለማዳም ጉልበት ይለምናሉ፣ መንገድ ላይ ለተኛች ድመት ይለምናሉ። አንዳንዴ ቸኩዬ ስገባ «አሚን ሳትዪ የት ትሄጃለሽ! ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው እኮ» ብለው ይጠሩኛል።

አንድ ቀን የጎረቤታችን ጎረምሳ «መኪናዬን ጫርከው» ብሎ ደረታቸው ላይ ጣቱን እየሰነዘረ ሲጮህባቸው ከበሩ ቀዳዳ አየሁ። ጋሽ ሙሄ አልጫሩም፣ አልጫርኩም ብለውም አልተከራከሩም። እጃቸውን ዘርግተው በዐረብኛ «አላህ ለናትህ ዕድሜ ይስጥልህ» አሉት። ልጁ በስድቡ መሃል «አሚን» አለ። አፉ ልምዱን ነው የተናገረው። ከዚያ ጣቱን አየር ላይ ይዞ ትንሽ ቆመና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። በኋላ ስስቅባቸው «አሚን ያለ አፍ ወዲያው ለስድብ አይመችም። ሞክሪው» አሉኝ። ማዳም ላይ ሞከርኩት፤ አንዳንዴ ይሠራል።

ለሰው ሁሉ እንዲያ ሲለምኑ ለራሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መካ መሞትና እዚያው መቀበር። መካ ከጅዳ በመኪና አንድ ሰዓት አትሞላም። ለሳቸው ግን መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ኢቃማ የሚጠይቅ አለ። ተማክረው የጨረሱት መላ እንዲህ ነበር። መካ ውስጥ ኢብራሂም የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ያውቃሉ። አያቱ የወሎ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው በዐረብኛ የተጠጋገነ ነው። ጋሽ ሙሄ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሊልኩበት፣ እሱም በገዛ መኪናው መጥቶ ሊወስዳቸው፣ እቤቱ ሊያስተኛቸው፣ ሲሞቱም ዘመድ ሆኖ ሊያስቀብራቸው ቃል ገብቶላቸዋል። «ቦታዬን ይዣለሁ» ይሉኝ ነበር ደስ ብሏቸው። ስለዚህ ጠብ ካለበት አይደርሱም፣ ፖሊስ ካለበት ጎዳና አይዞሩም። ያቺን ቃል ይዘው በጥንቃቄ ነው የሚኖሩት።

ታዲያ የሰአዳ ነገር መጣ።

ሰአዳ ከፊት ለፊታችን ባለው ቤት የምትሠራ፣ ወሎ ውስጥ የቃሉ ወረዳ ልጅ ነበረች። እኔ በዚህ ሰገነት፣ እሷ በዚያ ሰገነት ልብስ ስናሰጣ በእጅ ምልክት እናወራለን። ስትስቅ አፏን በእርጥብ ልብስ ትሸፍናለች። ረመዳን ውስጥ መታየት አቆመች። የቤቱ ሹፌር ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገብታ እዚያው እንደ ሞተች ነገረን።

መሞቷ ሳያንስ መቀበሪያ አጣች። ደላላው ከአገር ሲያስወጣት ዕድሜዋ አልደረሰም ብሎ በሌላ ሰው ስም ነው ፓስፖርት ያወጣላት። በወረቀት ሐሊማ ናት። አባቷ ከቃሉ እየደወሉ «ሰአዳ ልጄን» ሲሉ፣ ሆስፒታሉ ሰአዳ የምትባል የለችም ይላል። ሐሊማ ስትባል ደግሞ የሐሊማ ዘመድ ነኝ የሚል የለም። የሷ ብቻ ቢሆን እንግዳ ነገር ነው ባልን ነበር፤ ግን እንዲህ በሰው ስም የመጣን ስንት ነን። ረመዳን ሄዶ ሐጅ ሲመጣ ጀናዛዋ ሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ለእስላም ሬሳ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ አያስተኛም።

ኑዝላ የሚባለው ሰፈር ያሉ ያገራችን ልጆች በስልክ ሰልፍ ጠሩ። የሞቱት በእውነተኛ ስማቸው ይፈለጉ፣ በቤት የተዘጋባቸውም ይጠየቁ የሚል ነው ጥያቄው። ያገራችን ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ በር ላይ ረፋድ ላይ ሁሉም በየሳይክሉ ይምጣ ተባለ። ሐሳቡ ብልጠት ነበረው። ያገራችን ወንዶች መኪና የሚያጥቡትም፣ ከሱቅ ዕቃ የሚያደርሱትም በሳይክል ነው፤ ከየሰፈሩ አንድ አንድ እያሉ ቢመጡ ማንም ሰልፍ ብሎ አይጠረጥርም። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆሞ ቃጭሉን ይደውላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው ጻፉበት። ከሥሩ ኢንሻአላህ የሚለው ቃል ተዥጎደጎደ። ኢንሻአላህን መደበቂያ የሚያደርጋት ሰው እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ።

ጧት በሩ ላይ ስነግራቸው ጋሽ ሙሄ «እሄዳለሁ» አሉ።

«አንቱማ ይቅርብዎ ጋሼ! ኢቃማ የለዎት። ቢይዙዎ አሻራ ሰጥተው ነው ወደ አገር ቤት። አሻራ የሰጠ ደግሞ አይመለስም። መካስ? ኢብራሂምስ?»

ጨርቃቸውን ጨመቁ። ውሃው ጨርሶ እስኪወጣ ጨመቁት።

«አውቃለሁ» አሉ። «አየሽ ፋጤ፣ ለራሴ አንድ ክንድ አፈር ስለምን ስንት ዘመኔ። ያቺ ልጅ የትም፣ የትም አላገኘችም። ነገ አላህ ፊት ቀርቤ እኔ ቦታ ይዤ ነበር ልለው ነው?»

«ሌሎቹ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ቢቀር ምን ይጎድላል?»

«ሌሎቹማ ቃጭል ነው የሚደውሉት። በቃጭል የሚቀበር ሰው የለም። ዱዓ የሚያደርግላት ያስፈልጋል።» ወዲያው እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ። «አንቺም ከወጥ ቤትሽ ሆነሽ አሚን በይ። ስልኩን ከፍቼ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሩዝ እያጠብኩ ስልኬ ጠራ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስሰማ መጀመሪያ ነፋስ ነው፣ ከዚያ የባልዲዎቹ ኳኳታ። ባልዲዎቹን አላወረዱም፤ ያለ ባልዲ ሳይክል ላይ ቢያዩኝ ይጠረጥሩኛል ብለው ነው። በመንገዱ ሁሉ ሲያቃስቱ እሰማለሁ፤ ከሩዋይስ ወጥተው ያን ያህል ሩቅ ነድተው አያውቁም። በመጨረሻ ባልዲው ዝም አለ።

«ደረስኩ» አሉ።

«ማን ማን አለ ጋሼ?»

«እኔና አንዲት ድመት።»

በኋላ እንደ ሰማሁት የኑዝላ ልጆች መጥተው ነበር። ማዕዘኑ ላይ የፖሊስ መኪና ሲያዩ አንዱም ሳይቆም ተራ በተራ ነድተው አለፉ። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ የሚጦሩት አላቸው። ጋሽ ሙሄ ግን ይህን አያውቁም። «ፀሐይ ስለሆነ ዘግይተው ይሆናል» እያሉ ይጠብቃሉ። ሩዙን አጥቤ ጨረስኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል፤ የሳቸው ሳል ይሰማኛል። ያን ሁሉ አስፋልት አስቤ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ባልዲ የተሸከመ ሳይክልና አንድ ሽማግሌ ስስል፣ ሽንኩርቱ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ።

«ጋሼ፣ ይመለሱ። ማንም አይመጣም።»

«ፋጤ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው ሁለት ሆንን። አሚን በይ።»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። «ያ አላህ፣ ሰው የረሳውን የማትረሳ፤ ሰአዳን የእንድሪስን ልጅ፣ የቃሉዋን ልጅ፣ በስሟ የምታውቃት አንተ ነህ።» እኔ በሽንኩርት እጄ «አሚን» አልኩ። «ፍሪጅ ቀብር አይደለም፤ አፈሯን ስጣት።» «አሚን።» ወደ ዐረብኛው ተሻገሩ። «አላሁመ ኢግፊር ለሃ ወርሐምሃ።» ማራት፣ እዘንላት ማለት ነው። በዚህ መሃል ማዳም ውሃ ልትጠጣ ገባች። ደንግጬ ስልኩን ስጎትት ገመዱ ተነቀለና የጋሽ ሙሄ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው።

«ማነው?» አለችኝ።

«ያገሬ ሰው ነው። ለሞተች ልጅ ዱዓ እያደረገ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው።

ማዳም ብርጭቆዋን ይዛ ቆመች። ሌላ ሐረግ ሰማች። «አሚን» አለች፤ «አላህ ይርሐምሃ» ብላ ጨመረችና ወደ ሳሎኗ ተመለሰች። ማዳሜ ሰልፍ መውጣቷን እስከ ዛሬ አታውቅም።

በስልኩ ውስጥ ግን ሌላ አሚን ሰማሁ። የሴት ድምፅ ነው። ቀጥሎ የወንድ፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው። ለጉዳያቸው መጥተው ወዲያ ማዶ ጥላ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ለሰልፍ ማንም አልተነሣም፤ ለሞተች ልጅ ዱዓ ሲደረግ እየሰሙ ግን ዝም ማለት አልቻሉም። እጃቸውን እንደዘረጉ መንገዱን እየተሻገሩ መጡ። ዘበኛው «ያ ሐጅ፣ ሩሕ፣ ሂድ፣ እዚህ አይቆምም» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሙሄ «አላህ ለኛም፣ እዚህ በር ላይ ለቆመው ወንድማችንም ኻቲማችንን፣ ፍጻሜያችንን፣ ያሳምርልን» አሉ በዐረብኛ። ዘበኛው ዝም አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አሚን አለ። ያን የነገረችኝ እዚያ የነበረች ሴት ናት፤ እኔ የሰማሁት ዝምታውን ብቻ ነው።

ከቢሮው አንድ ሰው ወጥቶ በአማርኛ «የልጅቱ ስም ማነው ያላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም በአንድ አፍ «ሰአዳ እንድሪስ» አሉት። በወረቀት ግን ሐሊማ መሆኗን ጋሽ ሙሄ አስረዱት። ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ኢቃማ?» አለ አንድ ድምፅ።

«የለኝም ልጄ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሳይክሉን ጥላ ውስጥ አቁሙልኝ፤ ጎማው በፀሐይ ይፈነዳል።» ስልኩም ተቋረጠ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኢብራሂም ከመካ ደወለልኝ። ድምፁን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

«አንቲ ፋጡማ? ዐሚ ሙሄ ከተርሂል ደወለ» አለኝ፤ ተርሂል የሚሉት ወደ አገር የሚመለሱት የሚቆዩበት ነው። «እኔ ሙሐሚ፣ ጠበቃ፣ ላቁምልህ፣ ካፊል፣ ዋስ የሚሆንህ ሰው፣ ልፈልግልህ አልኩት። ላ፣ አይሆንም አለኝ። ‹ያንን የሰጠኸኝን ወዕድ፣ ቃልህን፣ ለልጅቱ አድርገው› አለኝ። ወላሂ አለቀስኩ። የአባቷን ስልክ ስጪኝ፣ ያላ።»

ሰጠሁት። አባቷ ከቃሉ ፈቃዳቸውን ላኩ፣ ቢሮውም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን መሰከረ። ኢብራሂም ዘመዷ ሆኖ ፈረመና በዚያች ለጋሽ ሙሄ ባሰባት መኪና ከፊት እየመራ ጀናዛዋን ወደ መካ ወሰደ። ጋሽ ሙሄ ግን ከዚያ በፊት አሻራ ሰጥተው ተሳፍረዋል። የሩዋይስን መኪኖች አሁን አንድ የቤንጋል ልጅ ያጥባቸዋል፤ ጨዋ ነው፣ ግን አንግባባም። ቆሻሻዬን ጥዬ ወዲያው እገባለሁ።

ወረባቦ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ እሳቸውን ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ ደግፎ አወጣቸውና አገናኘኝ። ነፋሱ ይጮሃል፤ ድምፃቸው ሳስቷል።

«ጋሼ፣ ሰአዳ ተቀበረች።»

«አልሐምዱሊላህ! ጅዳ ነው?»

«መካ ነው ጋሼ። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ሐረም መስጊድ ውስጥ ሰገዱባት። ኢብራሂም ሰዉ ከየት እስከ የት እንደሆነ አይታይም ነበር አለኝ።»

«ያ ሁሉ ሰው ለሷ ሰገደላት?»

«ያ ሁሉ ሰው።»

ነፋሱን ብቻ ሰማሁ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ቀናሁባት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «አስተግፊሩላህ፤ በሞተ ልጅ ይቀናል? ቀናሁባት እኮ ፋጤ።»

እኔም አለቀስኩ። እሳቸው ለኔ እንዳደረጉልኝ ጀርባዬን ልሰጣቸው አልችልም፤ ባሕር መሃላችን አለ። ስለዚህ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሲበቃቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «በይ እስቲ ዛሬ አንቺ ለምኚልኝ» አሉኝ።

ለሰው ዱዓ መርቼ አላውቅም። አሚን ባይ ነኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ሰገነቱ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መሃል ዘረጋሁ። አሻራ ሰጥተዋል፤ እንደማይሆን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ሌላ የምለምንላቸው ነገር ግን አልመጣልኝም።

«ያ አላህ፣ ጋሽ ሙሄን ወደ መካ መልሳቸው፤ እዚያው አፈሯን ስጣቸው» አልኩ።

ጠበቅኩ። ለድመት ሳይቀር ሲለምኑ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ሲለመንላቸው ምን እንደሚባል የጠፋባቸው ይመስለኛል።

«አሚን አይሉም ጋሼ?»

«አሚን» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ እኔን ላለማሳዘን።